ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ግለጡ

ሎንግ ቴይልድ ስኪፐር የሚባለው ቢራቢሮ ጀርባው በአረንጓዴና በሰማያዊ ያብረቀርቃል፤ ከኋላ ክንፎቹ ሁለት ረጃጅም ጭራዎች ይወርዳሉ። ሊኒየስ በ1758 ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ይህ ፍጡር አበባ ላይ ሲያዩት ጠላት አይመስልም። የፍሎሪዳ ፎሶሊያ አምራቾች ግን የሚያውቁት በልጁ ነው፤ ትሉን ቢን ሊፍሮለር ይሉታል።

ከእንቁላል የወጣው ትል የቅጠሉን ጠርዝ በሦስት ማዕዘን ቆርጦ ያጥፈውና በድር ያጣብቀዋል። ቀን እዚያ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ይበላል። ሲያድግ ሙሉ ቅጠል ይጠቀልላል። በቀትር ማሳ የገባ ሰው እንግዲህ ጉዳቱን እንጂ ጎጂውን አያይም። እጥፋቱን ገልጦ ትልቅ ራስና ቀጭን አንገት ያለው፣ በጎኑ ቢጫ መስመር የወረደበት ትል ካገኘ እሱ ነው። ባዶ ከሆነም ወይ ትሉ ሌላ ቅጠል ይዟል፣ ወይ ተርብ ቀድሞታል።

እኔ የማሳ አሰሳ ሠራተኛ ነኝ። ብዙ ሰው ሙያችን መድኃኒት ማወቅ ይመስለዋል። ከባዱ ግን ተክሉ ስንት ቅጠል ቢያጣ እንደሚችል መገመቱ ነው። ይህ ትል ቅጠል እንጂ ፍሬ አይበላም። ፎሶሊያ ሳያብብ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቅጠሉ ቢበላ ምርቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ፍሬ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ያን ያህል አይችልም። ዓይን ደግሞ አጋናኝ ነው፤ የተጠቀለለ ቅጠል ከሩቅ ስለሚታይ ትንሹን ጉዳት ያበዛዋል። ለዚህ ነው ከዳር ፈርጄ የማልመለሰው፤ መሀል ገብቼ ተክሉን ከላይ እስከ ታች አያለሁ።

የትሉም ዕድሜ ፍርዱን ይለውጣል። አብዛኛውን ቅጠል የሚጨርሰው በመጨረሻው የዕድገት ደረጃው ስለሆነ፣ የሚያሳስቡኝ ገና ትናንሾቹ በብዛት ሲገኙ ነው። ትል ለመግደል የሚረጨው ቢቲ የተባለው ባክቴሪያም በደንብ የሚሠራው በእነሱ ላይ ነው። ትሎቹ አድገው መብላታቸውን ሊጨርሱ ሲሉ የሚደረግ ርጭት ለታይታ ነው፤ ያውም ኬሚካል ከሆነ ትሉን የሚያድኑትን ተርቦች ይዞ ይሄዳል።

ቢራቢሮው ብርድ አይወድም፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ከሰሜን ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳል፤ አሰሳ የሚጠብቀውም ያኔ ነው። (አገር ቤት ቦሎቄ የሚያመርቱ ወገኖቼ ይህን ትል አያውቁትም፤ ተክሉም ቢራቢሮውም የአሜሪካ ሲሆኑ ባሕር የተሻገረው ተክሉ ብቻ ነው።)

ፍሎሪዳ ላላችሁና በጓሯችሁ ጥቂት መደብ ፎሶሊያ ለተከላችሁ፦ እጥፋቱን በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ መርጫ አትግዙ።