በጣም የጠራ ምስል ያጠራጥረኛል

የላብራቶሪ አይጥ አንጎል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ለሰው የተሠራ ፔት ስካነር (ሰውነት ውስጥ የገባ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ) አራትና አምስት ሚሊ ሜትር የተራራቁ ነገሮችን ለይቶ ካሳየ ሥራውን ተወጣ ይባላል፤ ለአይጥ ግን ይህ አይበቃም። የትንንሽ እንስሳት ስካነር ጨረር የሚይዝበት ክሪስታል እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚቀጥነው ለዚህ ነው።

የእኔ ሥራ እንዲህ ያለውን ስካነር ኮምፒውተር ውስጥ መገንባት ነው። መሣሪያዬ ጌት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሁሉም የተለቀቀና የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከሉ ሰርን ውስጥ በተጀመረው ጂአንት 4 በተባለ ፕሮግራም ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ፎቶን ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚጋጭ የሚወሰነው በዕጣ ነው። (ዘዴው ሞንቴ ካርሎ የተባለውም ከቁማር ቤቱ ተወስዶ ነው።) ክሪስታሎቹን በቀለበት መደርደር ቀላል ነው፤ ፊዚክሱንም ሌሎች ደክመውበታል። ጉዱ የሚፈላው ክሪስታሉ ውስጥ የፈነጠቀው ብርሃን ወደ ቁጥር ሲለወጥ ነው።

ለምሳሌ ሉቴሺየም ያለበትን ክሪስታል እንውሰድ። ከተፈጥሮ ሉቴሺየም 2.6 በመቶው ራሱ ጨረር አመንጪ ነው። የሚወጣው ቤታ እዚያው ክሪስታል ውስጥ ይቀራል፤ አብሮት የሚወጣው ባለ 307 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ግን ቀለበቱን አቋርጦ ፊት ለፊት ያለውን ክሪስታል ሊመታ ይችላል። ስካነሩም ሁለቱን ምቶች አጣምሮ ከእንስሳው እንደመጡ አድርጎ ይመዘግባል፤ ቀለበቱ ባዶ ቢሆንም እንኳ። ስካነሩ የሚቀበለውን የኃይል ክልል (የኃይል መስኮት) ታችኛ ወሰን ከ250 ወደ 350 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ብታደርጉት አብዛኛው ይጠፋል፤ ከምትፈልጉት ምልክትም አብሮ የሚሄድ አለ። ብዙ ጨረር በተወጋ እንስሳ ላይ ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ጥቂት ሕዋሳትን ለመከታተል ስትሞክሩ ግን ምስሉን ያበላሻል። ይህን ያላስገባ ሲሙሌሽን እውነተኛው ማሽን ፈጽሞ የማይሰጠውን የጠራ ምስል ያወጣል።

እንስሳው ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ አቶም ፖዚትሮን ያወጣል፤ ፖዚትሮኑ ጥቂት ተጉዞ ሲጠፋ ስካነሩ የሚያያቸው ሁለት ፎቶኖች ይወጣሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ፖዚትሮኑን ትቶ በቀጥታ ከሁለቱ ፎቶኖች የሚጀምርም አለ። ፍሎሪን 18 በተባለው ጨረር አመንጪ ያስኬዳል፤ ፖዚትሮኑ ውኃ ውስጥ በአማካይ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። በጋሊየም 68 ግን ርቀቱ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ውጤቱ ውሸት ይሆናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሲሙሌሽኑን ማስተካከያ ቁጥሮች እየነካኩ ከእውነተኛው ማሽን ልኬት ጋር ማስታረቅና «ተረጋገጠ» ማለት ነው። ኔማ በተባለው የአምራቾች ማኅበር የ2008 (እ.ኤ.አ.) መስፈርት የአይጡ ፋንተም (እንስሳውን ተክቶ የሚለካ ቁስ) ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የትልቁ አይጥ ደግሞ 50 ነው። በትንሹ ፋንተም ያስተካከላችሁትን ቁጥር ሳትነኩ በትልቁ ሞክሩት። እዚያም ከገጠመ አምናለሁ። የሌላ ሰው ጥናት ስታነቡም የትኛው ቁጥር ከልኬቱ በፊት፣ የትኛው ከልኬቱ በኋላ እንደተወሰነ ፈልጉ፤ ካልተጻፈ ጠይቁ።