ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምር

ከደባት ለገበያ ደባርቅ የመጣ አንድ ወጣት ጉዳዩን ጨርሶ ደጄ ድረስ መጣና፣ «የኔታ፣ ስለ ሃይማኖቴ ምን ላንብብ?» አለኝ። ስልኩ ላይ የሰበሰባቸውን የመጻሕፍት ስሞችም አሳየኝ፤ ብዙ ናቸው። «ልጄ፣ በመጀመሪያ የዮሐንስን አንደኛ መልእክት አንብብ» አልኩት። አምስት ምዕራፍ ብቻ በመሆኗ ቅር ያለው መሰለኝ።

ምክሩ የኔ አይደለም፤ የንባብ ቤት ሥርዓት ነው። በውርጩ ጠዋት ደበሎውን ደርቦ የሚመጣው ተማሪ ፊደሉንና አቡጊዳውን ከለየ በኋላ ፊደል መጠቆሚያ ስንደዶውን የሚያሳርፈው በዚህች መልእክት ላይ ነው። ፊደለ ሐዋርያ እንላታለን። ከእሷ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። የሥርዓቱ ጥበብ የገባኝ ሳስተምር ነው። ፍቅር፣ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ወንድም የሚሉት ቃላት እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ ጀማሪ ደግሞ የሚያውቀው ቃል ሲገጥመው ይደፍራል። ልጅ መጀመሪያ አጥርቶ የሚያነበው ነገር ወንድምን ስለ መውደድ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ወጣት መምህር ሳለሁ ግን ይህን አላከበርሁም። አንድ ፈጣን ተማሪ ነበረኝ፤ ወላጆቹ ቸኮሉ፣ እኔም ቸኩዬ ወደ ዳዊት አሻገርሁት። ቃሉን ይጠራል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን አይለይም፣ ተነሽና ወዳቂ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶችም ተደባለቁበት። እሱን ማቅናት እንደ አዲስ ከማስተማር ከበደኝ። በአማርኛ እንኳ «እግዚአብሔር አለ» የሚለውን ተመልከቱ፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖሩን ይመሰክራል፣ ሲላላ መናገሩን። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የአንባቢው አፍ ነው። ስለዚህ ቅዱስ መጽሐፍን በዐይኑ ብቻ የሚያነብ ሰው ገና ግማሹን አላነበበም እላለሁ።

ንባብ ቤቱ የሚያስነብበው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ለማያውቅም ግን መንገዱ ያው ነው፤ በአማርኛ ያንብብ። አቡ ሩሚ የተባለው መነኩሴ በካይሮ የተረጎማቸው አራቱ ወንጌላት በአማርኛ የታተሙት በ1824 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በየቤቱ ያለው በብዛት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው። ዳዊቱን ደግሞ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጡ። አባቶች ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለውታል፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው።

እናንተም የመጻሕፍቱን ዝርዝር ለጊዜው አቆዩት። ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ አምስቱን ምዕራፍ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡለት።