ስለ «ትከሻ አለመረጋጋት» የስያሜ ትችት

«የትከሻ አለመረጋጋት» የሚለው ስያሜ ባዕዱን ስም ቃል በቃል መለሰ እንጂ ሕመሙን አልገለጸም፤ መረጋጋት በአማርኛ ይበልጡን የመንፈስና የአገር ነውና። ጥርስ እንደሚናጋ ሁሉ መገጣጠሚያም ይናጋል፤ ስለዚህ ለጠቅላላው ሕመም «የትከሻ መናጋት»፣ አጥንቱ ፈጽሞ ከስፍራው ሲወጣ ደግሞ ወጌሻ ያቆየልን «ውልቃት» ይበቃል።

ከዚህ የሚብሰው «የአጥንት ንቅለ ተከላ» ነው። ውልቃት ሲደጋገም የመገጣጠሚያው ጎድጓዳ የፊት ጠርዝ ይሸረፋል፤ ጉድለቱ ከበዛም ጅማት መስፋት ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ፣ የቁራ መንቆር የሚመስለው የትከሻ አጥንት ጫፍ ከነጅማቱ ተቆርጦ በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በብሎን ይታሰራል። አጥንቱ የሕመምተኛው የራሱ ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ እንጂ ከሌላ ሰው አልመጣም። «ንቅለ ተከላ» ሲባል የሰማ ግን ኩላሊትንና ለጋሽን ያስባል። «አጥንት ማዛወር» ቢባል ሥራው ራሱ በስሙ ይነገራል።

ይህ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ለቀዶ ሕክምና የሚፈርመው በሰማው ቃል ተመርቶ ነው፤ ቃሉ ካሳተው ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም።