አበጀ በለው፦ ከፍቅሩ ታሪክ ጀርባ የቆመው ገበሬ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ሰፊ አድማጭ ጭምር፣ አዘውትሮ የሚያነሣው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር፣ ቀጥሎም የጉዱ ካሣን ንግግር ነው። የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ልቦለዱ ስለ ግፍና ስለ ትግል የሚለውን ለመረዳት መታየት ያለበት ይህ ሰው ነው።

በዛብህ የማንኩሳ ድኃ ልጅ ነው። በፍቅሩ የዘርን አጥር ይደፍራል፤ ምሥጢሩ ሲወጣ ግን ዕጣው ስደት ይሆናል። ጉዱ ካሣ የሥርዓቱን ብልሽት ከማንም አስቀድሞ አይቷል፤ ዳሩ ግን ብቻውን ስለ ቆመ እንደ እብድ ይቆጠራል። አበጀ በለው ከብጤዎቹ ጋር ይነሣል። ፊታውራሪ መሸሻ መብቴ ነው የሚሉትን ገበሬዎቹ አንሰጥም ይላሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱት ጌታም ይማረካሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ኃይለኛውን የሚያንበረክከው ይህ የኅብረት ክንድ ብቻ ነው።

ደራሲው ዘመቻውን በስላቅ መተረኩ የፊታውራሪን ትዕቢት ባዶነት አጋልጧል። ይሁን እንጂ ሳቁ ዋጋ አስከፍሏል፤ ድሉ ከገበሬዎቹ ብልሃትና አንድነት ይልቅ ከሽማግሌው ጌታ ሞኝነት የመጣ ሊመስል ይችላል። የበዛብህን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የሚከተለው ብዕር ለአበጀ ያን ያህል ስፋት አልሰጠውም።

ቢሆንም አንድ ትልቅ እውነት ተይዟል። ገበሬዎቹ ያስቆሙት የአንድን ጌታ ልክ ማጣት ነው፤ ፊታውራሪ ከምርኮ ወጥተው ወደ ጌትነታቸው ይመለሳሉ። ሥርዓቱ ከመሠረቱ ይናድ የሚለው ጉዱ ካሣ፣ የሚንደው ክንድ የለውም፤ ክንዱ ያላቸው ገበሬዎች ደግሞ የእርሱን ሐሳብ አልያዙም። የልቦለዱ መራራ ቁም ነገር የሁለቱ አለመገናኘት ነው።

መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ተነሣ። ጦርና አውሮፕላን ዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያም ቢሆን የመሬት ሥሪቱ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ አልተለወጠም። ልቦለዱን ትንቢት ማለት ማጋነን ነው፤ ደራሲው ያገሩን ገበሬ ጉልበትም ወሰንም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ግን ተገቢ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ለተማሪው፣ የቴአትር ባለሙያውም ለመድረኩ፣ ከሦስቱ ሟቾች መቃብር ጎን የአበጀን አምባ ቢያሳዩ፣ መጽሐፉ ከእንባ ሌላ ብዙ የሚያስተምረው ይኖረዋል።