በእጅ የተሞላ የውጅግራ ጥይት እንዴት ይመዘናል?

ከደምበጫ ተነስቶ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ በሚደርሰው የጎጃም አገር ስለ ነፍጥ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጠመንጃው ነው፤ ስሪቱ፣ የአፈሙዙ ርዝመትና የባለቤቱ ዝና ይተረካሉ፣ ጥይቱ ግን ተተኩሶ የሚያልቅ ነገር ነውና ይታለፋል። ይሁን እንጂ በእጅ የተሞላ ጥይት፣ ይኸውም አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ተጠርጎ አዲስ ካፕሱል (መርፌው ሲመታው እሳት የሚሰጠው የመቀመጫው ክዳን)፣ ባሩድና አረር ሲደረግለት የሚገኘው፣ የሠሪውን ጥንቃቄ ከጠመንጃው አብልጦ የሚገልጥ የእጅ ሥራ ነው። ጠመንጃው ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ ሲሆን፣ ቀለሁ በሁለተኛና በሦስተኛ ዕድሜው የአገር ቤት ባለሙያ ሥራ ሆኗልና፣ በአያት ዝናር ወይም በቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ የተገኘ እንዲህ ያለ ጥይት በእጅ ሥራነቱ ሊመረመር ይገባዋል። ምርመራው በዓይን፣ በጥፍርና በሚዛን ብቻ የሚከናወን ነው፤ ዕድሜ የጠገበ ጥይት ለሙከራ አይተኮስም፣ አይቀጠቀጥም፣ እሳትም አይጠጋውም።

ውጅግራ ፈረንሳዊው መኮንን ባዚል ግራ ያዘጋጀው፣ የፈረንሳይ ጦርም እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ ነፍጥ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 በጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራውን ለበል ስትይዝ አሮጌዎቹ ውጅግራዎች በርካሽ ለገበያ ስለወጡ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወደቦች በኩል በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት ነፍጦች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ነበሩ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር መርተው በዚያው ጦርነት ተሰልፈዋል። ከፋብሪካ የወጣው ጥይት 59 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የነሐስ ቀለህ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው 25 ግራም የእርሳስ አረርና 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ፣ ማለትም ሲተኮስ ወፍራም ነጭ ጭስ የሚያወጣው የጥንቱ ባሩድ፣ ነበረው። ጥይት በዚያ ዘመን ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ስለሚሠራበትም አገላብጦ አይቶ የመቀበል ጥቅም ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ለገበያተኛውም ነበር።

መርማሪው ሥራውን ከቀለሁ ሊጀምር ይገባዋል፤ መጥፎ አረር በሌላ አረር ሊለወጥ ይችላልና፣ የደከመ ቀለህ ግን በምንም ዓይነት ጥሩ አሞላል አይድንም። የቀለህ ነሐስ ሰባ እጅ ገደማው መዳብ፣ ሠላሳ እጅ ገደማው ዚንክ የሆነ ቅልቅል ሲሆን፣ በተተኮሰ ቁጥር እየተነፋ፣ በተሞላ ቁጥር ደግሞ አንገቱ እየተጨመቀ ስለሚደርቅ በመጨረሻ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ዐዋቂ ሠሪ ይህን ለመከላከል አንገቱን ብቻ በእሳት አሙቆ ያለሰልሰዋል፤ ሙቀቱም ከአፉ እስከ ትከሻው የሚደርስ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ያዘለ ጥላ ጥሎበት ያልፋል፣ ይህም ጥላ የመልካም እጅ ምልክት ነው። ጥላው እስከ መቀመጫው ከወረደ ግን ሠሪው ቀለሁን በሙሉ ፍም ውስጥ ጥሎታል ማለት ነው፤ ግፊቱን የሚሸከመው መቀመጫ ጠንካራ መሆን ሲገባው አብሮ ስለለሰለሰ፣ የቀረው የሙሌት ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ጥይት ውድቅ ነው። ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ቀለሁን ዙሪያውን የከበበ ደማቅ መስመር መኖሩም መታየት አለበት፣ ነሐሱ እዚያ ላይ ተስቦ መሳሳቱንና ለመበጠስ መቃረቡን ያመለክታልና።

ክረምቱ በሚከብድበት በዚህ አገር አንድ ሌላ ስንጥቅ ልዩ ትኩረት ይሻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በፈረስ ጋጥ አጠገብ ያከማቻቸው ጥይቶች በዝናቡ ወራት ማንም ሳይነካቸው እየተሰነጠቁ ተገኝተው ነበር፤ ምክንያቱ ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ የተሰኘ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ውጥረት ያለበትን ነሐስ መብላቱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1921 ተብራራ። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት የገጠር ቤት ውስጥ ለዓመታት የተሰቀለ ዝናር ለዚሁ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ፀጉር የሚያህል ቀጭን ስንጥቅ ያለበት ቀለህ ሲገኝ ጥፋቱን ቸኩሎ በሞላው ሰው ላይ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ስንጥቁ ከአንገቱ ሳይጀምር በገላው ላይ ወዲያና ወዲህ የተበተነ ከሆነ፣ አጥፊው ከሠሪው ይልቅ የአቀማመጡ ሁኔታ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመታጠብ ጉዳይ ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት የሚስብ ጨው ስላለበት በቀለሁ ውስጥ ካደረ አረንጓዴ ዝገት ያመጣል፤ ተኩሱ እንዳበቃ በውኃ የታጠበ ቀለህ ግን ውጪው ቢጠቁር እንኳ አፉ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። በዘመኑ ካፕሱል ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ ነሐስን የሚያሰባብር ነገር ሲሆን፣ ብዙው የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ግን ሜርኩሪውን ይዞት ስለሚወጣ የውጅግራ ቀለህ ደጋግሞ ለመሞላት ከጭስ አልባዎቹ የተሻለ ዕድል ነበረው። ካፕሱሉ ከመቀመጫው ገጽ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጉብ ያለ ካፕሱል መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሳይታሰብ ሊፈነዳ ይችላል፣ በዙሪያው የመቧጨር ምልክት መብዛቱም አሮጌው ካፕሱል በጥድፊያ ተፈልቅቆ መውጣቱን ይመሰክራል።

አረሩን የሚመረምር ሰው ዓይኑን ከጫፉ ይልቅ በግርጌው ላይ ያድርግ። የባሩዱ ጋዝ የሚገፋው ግርጌውን ነውና፣ አረሩ ከአፈሙዙ በሚለቅበት ቅጽበት ከግርጌው አንድ ጎን ቀድሞ ጋዝ ካመለጠ አረሩ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ጫፉ የተጫረ ነገር ግን ግርጌው ጥርት ያለ ጠርዝ ይዞ የተስተካከለ አረር፣ ጫፉ አምሮ ግርጌው ከተሸረፈው ይበልጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲፈስ ማውጫው ቀዝቃዛ ከነበረ ገጹ እንደ ተጨማደደ ቆዳ ይሸበሸባል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ውርጭ የመሰለ ፍዘት ይይዛል፣ ይህኛው ግን ለዓይን ካልሆነ በቀር ጉዳቱ ትንሽ ነው። የማውጫው ሁለት ክፍሎች የገጠሙበት መስመር በጥፍር ሲዳሰስ ሊሰማ የማይገባው ሲሆን፣ ክንፍ የመሰለ ትርፍ ካለበት ማውጫው ሳይገጥም ፈስሶበታል። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ይጫራል፤ አንቲሞኒ ወይም ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ግን ጥፍርን ይመልሳል። የፋብሪካው አረር እርሳሱ በአፈሙዙ ጥምዝ ቦዮች ላይ እንዳይለጠፍ በወረቀት የተጠቀለለ ነበርና፣ ሠሪው ይህን ጥቅልል መልሶ በእኩል ውፍረት ካጠቀለለ እጅግ የላቀ ባለሙያ ነው። በአሮጌ አረር ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት የእርሳስ ዝገት ሲሆን መርዝ ስለሆነ ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ግድ ነው።

ይሁንና አንድ ጥይት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ የሠሪው ማንነት የሚገለጠው በአንድ ዝናር የተገኙት ጥይቶች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ነው። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ፣ አረሮቹም ቀለሁ አፍ ላይ ሳይንጋደዱ ከተቀመጡና በእጅ ሲነኩ ካልተነቃነቁ፣ ሠሪው መስፈሪያና ልማድ ነበረው። በሚዛን ሲታዩ የቀለሆቹ ልዩነት እንዳለ ሆኖ ክብደታቸው መቀራረብ አለበት፤ ከ25 ግራም አረር ላይ ሩብ ግራም መጉደል ከመቶ አንድ እጅ ስለሆነ የሚታለፍ ሲሆን፣ ከዚያ የበዛው ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ በእርሳሱ ውስጥ አየር መቅረቱን ያሳያል። ያማረና የሚያብረቀርቅ አንድ ጥይት ከመሥራት የደበዘዙ ነገር ግን እርስ በርስ የማይለያዩ ሃያ ጥይቶችን መሥራት የበለጠ ሙያ ይጠይቃል፤ ሰብሳቢዎች ዘወትር የሚሳሳቱትም አንጸባራቂውን መርጠው የደበዘዘውን ዝናር በመተው ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሥር የተዋጉት የምዕራብ ጎጃም አርበኞች አሮጌውን ውጅግራ ከተማረከው 6.5 ሚሊ ሜትር የጣሊያን ጠመንጃ ጋር አብረው ይይዙ ነበር። ጠላት ቡሬን ለቆ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ወደ ደምበጫ እስኪሸሽ ድረስ ከነበረው ጊዜ የተረፈ ዝናር በመቀመጫቸው ላይ የተለያየ ዓመትና ፋብሪካ የታተመባቸው ቀለሆች ተቀላቅለው ቢገኙበት ሊያስወቅስ አይገባም፤ በችግር ጊዜ ቀለህ ተመርጦ አይገኝም። የተዛባ የአረር ግርጌና ጉብ ያለ ካፕሱል ግን የችግር ውጤት አይደሉም፣ እነዚህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ተጨማሪ ዕቃ አልነበረምና።

ይህ ሚዛን በኪስ ለሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ ጥይት ሲውል ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። የቤልጅጉ 6.35 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ ጥይት ቀለህ 16 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አረሩም 3.2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ጭስ አልባ ባሩዱ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ በዚህ መጠን ላይ የአንድ ግራም አንድ መቶኛ መዛባት ቢያንስ አሥር እጅ ስለሚሆን፣ በውጅግራ የማይታወቅ ስሕተት በሽጉጡ አደጋ ይሆናል። ሽጉጡ ጥይቱን ራሱ እየጎተተ የሚጎርስ በመሆኑም ከእርሳስ ብቻ የፈሰሰ ለስላሳ አረር ሲጎርስ ይፋቃል፣ ጫፉ ያልለሰለሰ ከሆነም መንገድ ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ መርማሪው እዚህ ላይ ከቀለሁ በፊት የአረሩን ጫፍ ክብነትና የሚዛኑን ትክክለኛነት ይመለከታል፣ በእጅ የተሞላ የኪስ ሽጉጥ ጥይት በአንድ ዝናር ውስጥ ሲያገኝም የሠሪውን ሚዛን ሳያይ ስለ ጥራቱ ቃል አይሰጥም።