«እንቅስቃሴ» ለሁለት ጽንሰ ሐሳቦች፦ የአንድ ሳይንሳዊ ቃል ትርጉም ሲመረመር

የሳይንስ ቃል ትርጉም ጉድለቱ የሚታየው ከጎረቤቱ ቃል ጋር ሲቀመጥ ነው። በጨው ሙሙት ውስጥ ያሉ አዮኖች በመራጭ ኤሌክትሮድ ስለሚመረመሩበት ዘዴ በአማርኛ ሲጻፍ፣ «እንቅስቃሴ» የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን እንዲሸከም ይደረጋል።

አንደኛው አዮኑ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወሩ ነው። ይህም ክምችቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት በመሰራጨት፣ በኤሌክትሪክ መስክ ተስቦ በመፍለስ፣ ወይም ከሚፈሰው ውሃ ጋር አብሮ በመወሰድ ይፈጸማል። ሁለተኛው ከቦታ ለውጥ ጋር አይገናኝም። አዮኖች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡና ስለሚገፋፉ፣ በኬሚካዊ ጠባያቸው የሚገለጠው መጠን ከጠቅላላው ክምችት ይለያል፤ ቃሉ የሚያመለክተው ይህንኑ መጠን ነው።

ኤሌክትሮዱ በቀጥታ የሚሰጠው ቮልቴጅ ሲሆን፣ ከቮልቴጁ የሚሰላው ሁለተኛው ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለካልሲየም አዮን ይህ መጠን በ10 እጥፍ ሲለወጥ፣ ንባቡ በንድፈ ሐሳብ በ29.6 ሚሊቮልት ይለወጣል። መዛወሩ ግን የሚታወቀው ንባቡ በተከታታይ ተመዝግቦ የለውጡ ፍጥነት ሲሰላ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ከመርሐ ቤቴ ደጋ በታች፣ በጀማ ሸለቆ፣ የኖራና የጂፕሰም ድንጋይ ተገልጦ ይገኛል፤ እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃም ካልሲየም ይዞ ይወጣል። በዓለም ከተማ የሚሠራ የውሃ ባለሙያ «የካልሲየም እንቅስቃሴ 10 እጥፍ ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ቢያጋጥመው፣ ውሃው በካልሲየም መክበዱን ወይስ አዮኑ በፍጥነት መጓዙን ሊረዳ ነው? አንዱ የውሃውን ጥራት፣ ሌላው የፍሰቱን ጠባይ የሚመለከት ስለሆነ መልሳቸው አንድ አይደለም።

«ማጓጓዝ» የሚለውም አማራጭ አያረካም፤ ጫኝና ተጫኝ እንዳሉ ያስመስላል፤ በሙሙት ውስጥ ግን ጫኝ ላይኖር ይችላል። «ዝውውር» ይሻላል። «የደም ዝውውር» ተመልሶ መምጣትን ስለሚያስታውስ ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል፤ ሆኖም «የገንዘብ ዝውውር» እና «የሠራተኛ ዝውውር» ስንል መመለስን አናስብም።

ስለዚህ ለመዛወሩ «ዝውውር»፣ በሥሩም «ስርጭት»፣ «ፍልሰት» እና «ፍሰት»፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ንቁ ክምችት» ቢባል፣ እያንዳንዱ ቃል የራሱን ድርሻ ይይዛል። «ለካ» የሚለው ግስም ለቮልቴጁ ይቀመጥ፤ ለዝውውሩ «አሰላ» ይበቃዋል።