በአንድ ፋይል የሚቆም የሬዲዮ ጣቢያ

በአማተር ሬዲዮ የጽሑፍ መልእክት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያስተላልፈው የጆን ዋይዝማን ሊንቢፒኪው እጅግ የምወደው ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ትንሽ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ይሠራል፤ ማዋቀሪያውም ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የጥሪ ምልክትህ፣ የጣቢያህ አጭር ስም፣ የሬዲዮው ወደብ። ድምፅን ወደ መረጃ መለወጡን ዳየርዎልፍ የተባለ ሌላ ፕሮግራም በድምፅ ካርድ ይወጣዋል፤ ዱሮ ለዚህ ራሱን የቻለ መሣሪያ ይገዛ ነበር። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 1200 ቢት ነው፤ ለአጭር መልእክት ይበቃል።

እኔን የሚማርከኝ ግን መልእክት በየትኛው ጣቢያ በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው የመንገድ ሰንጠረዥ ነው። ጣቢያዎቹ የሚያውቋቸውን ሌሎች ጣቢያዎች በየጊዜው በአየር ላይ ያስታውቃሉ፤ እያንዳንዱ መንገድም እስከ 255 የሚደርስ የጥራት ነጥብ አለው። ድምፁ የጠፋ ጣቢያ ወዲያው አይሰረዝም። በሰንጠረዡ ውስጥ የተሰጠው ቆጣሪ ዙር በዙር እየቀነሰ ይታገሠዋል፤ ዜሮ ሳይደርስ እንደገና ከተሰማ ቦታው ይጠበቅለታል። አየሩ በየሰዓቱ ለሚለዋወጥበት ሬዲዮ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም።